ራስ ቅል የተሳለባት የእሳት እራት፦ ስንለያት የምንሳሳተው

ሰበታም ሆነ ሱሉልታ፣ የበረንዳ መብራት ሲበራ ቢያድር አንዳንዴ ክንፏ ሲዘረጋ እስከ 13 ሳንቲ ሜትር የምትደርስ የእሳት እራት ግድግዳው ላይ ልታገኙ ትችላላችሁ። ጀርባዋ ላይ የሰው ራስ ቅል የመሰለ ቢጫማ ምልክት አለ። ሳይንሳዊ ስሟ አኬሮንቲያ አትሮፖስ ነው። በጣም የምታምር ፍጥረት ናት። ስናያት ብዙ ጊዜ የምንሠራቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ሟርት ነው ብሎ በመጥረጊያ መግደል። አትናደፍም፣ መርዝም የላትም። ስትነካ ሲጥ ሲጥ ትላለች። አየር ወደ ጉሮሮዋ ስባ መልሳ ስታስወጣ የሚፈጠር ድምፅ ነው፤ ለማስፈራራት እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

ክንፏን እንዳጠፈች መለየት። የፊት ክንፎቿ የዛፍ ቅርፊት ስለሚመስሉ ተራ ቡናማ የእሳት እራት ትመስላችኋለች። በቀጭን እንጨት ቀስ አድርጋችሁ ነካ አድርጓት። ክንፏን ስታነሳ የኋላ ክንፎቿ ደማቅ ቢጫ ሆነው፣ ሁለት ጥቁር መስመር ተሰምሮባቸው ይታያሉ። ሆዷም ቢጫና ጥቁር ነው።

ኢንተርኔት ላይ ባገኙት ፎቶ ስም መስጠት። አኬሮንቲያ በሚባለው ወገን ውስጥ ሦስት ዝርያዎች አሉ፤ ሦስቱም ራስ ቅል አላቸው። ስቲክስና ላኬሲስ ግን የእስያ ናቸው። የአፍሪካዋ አትሮፖስ ናት፤ የስዊድኑ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 (እ.ኤ.አ.) ስም ያወጣላትም እሷ ነች። ስለዚህ ከፎቶው በፊት አገሩን እዩ።

ትሏን ከተምች ጋር መደባለቅ። ተምች ሌላ ቤተሰብ ነው። ይህቺ ስፊንጊዴ ከሚባለው ናት። ትሏ ከጣት ይወፍራል፣ ጎኑ ላይ ሰያፍ መስመሮች አሉት፣ ጅራቱ ላይ ቆልመም ያለ ቀንድ አለው። ቀንዱ አይወጋም። ድንች ቅጠል ላይ ካገኛችሁት በእጅ ማንሳት ይበቃል፤ ለእሱ ብሎ ማሳውን በመድኃኒት ማጠብ ያሳዝነኛል።

ቀፎ በተበላሸ ቁጥር በእሷ ማላከክ። ይሄኛው ንብ አናቢዎችን ይመለከታል። ሌባ መሆኗ እውነት ነው። ጠረኗ የንብ ስለሚመስል ማታ ቀፎ ውስጥ ገብታ በአጭር ጠንካራ መምጠጫዋ የማር እንጀራውን በስታ ማሩን ትመጥጣለች። ግን እዚያ እንቁላል አትጥልም። እንጀራው ድር አድርቶበት፣ ነጫጭ ትል እየተርመሰመሰበት ካያችሁ ጥፋቱ የሌላ ነው፦ ግራጫዋ፣ ትንሿ የሰም እራት ናት። የእሷ ትል ሰሙን ራሱን ይበላል። ለትልቋ የቀፎውን በር ማጥበብ ይበቃል። ለትንሿ ግን ቀፎውን ከፍታችሁ የተበላሸውን እንጀራ ማውጣትና የንቡን መንጋ ማጠናከር አለባችሁ።