ዋይፋይ ሲጠፋ የሚወድቀው የሶፕ ቴስት
ኢንተርኔት ሲቋረጥ በሶፕ (የኤክስኤምኤል መልእክት በሚለዋወጥ ፕሮቶኮል) የውጪ ሰርቪስ የሚጠሩት የጃቫ ኢንቴግሬሽን ቴስቶቻችን «አንኖውን ሆስት» (ሰርቨሩ አልታወቀም) እያሉ ይወድቁ ነበር። የውጪውን ሰርቪስ ግን ዋየርሞክ የሚባለው አስመሳይ ሰርቨር ሎካልሆስት (እዚያው ኮምፒውተር) ላይ ተክቶታል! ታይምአውት ማርዘም ምንም አልፈየደም። ክላይንቱን (ሰርቪሱን የሚጠራውን ኮድ) በሞኪቶ፣ አስመሳይ ኦብጀክት በሚፈጥር ላይብረሪ፣ መተካት ቴስቱን ያሳልፈዋል፤ የሚላከው ኤክስኤምኤል ግን ጭራሽ ስለማይፈተን ተውኩት።

ስታክ ትሬሱን (ስህተቱ የመጣበትን የጥሪ ዝርዝር) እስከ ታች ሳነበው ነገሩ ተገለጠ። የጃክስ-ደብሊውኤስ (የጃቫ የሶፕ ኤፒአይ) ክላይንት ገና ሲፈጠር፣ ጥሪ ሳይልክ በፊት፣ ደብሊውኤስዲኤሉን (ሰርቪሱን የሚገልጸውን ፋይል) ከዋናው አድራሻ ሊያወርድ ይሞክራል።

ደብሊውኤስዲኤሉንና የሚጠራቸውን ኤክስኤስዲ ፋይሎች (የመልእክቱን ቅርጽ የሚገልጹትን) አውርጄ ቴስት ሪሶርስ ውስጥ አስቀመጥኩ። አንዷ ኤክስኤስዲ እንኳ ብትቀር ያው ስህተት ሊመለስ ይችላል፣ አደራ። ከዚያ ሜታ-ኢንፍ ፎልደር ውስጥ «ጃክስ-ደብሊውኤስ-ካታሎግ» የሚባለውን የኤክስኤምኤል ፋይል ፈጥሬ እያንዳንዱን የኔትወርክ አድራሻ ወደ ወረደው ፋይል አዞርኩ። ጥሪው ወደ ዋየርሞክ እንዲሄድ ደግሞ በባይንዲንግ ፕሮቫይደር (በጃክስ-ደብሊውኤስ የክላይንቱ ማስተካከያ) የኢንድፖይንት አድራሻውን፣ ማለትም ጥሪው የሚላክበትን፣ ቀየርኩ። ዋይፋዩን አጥፍቼ ሳስኬደው ሁሉም አለፈ።