ቀረጡ ቀንሶ ለምን ተቆጡ? የአሜሪካን የነጻነት መንገድ በአራት ክፍለ ጊዜ ለማስተማር

ደሴ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር፣ የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ምዕራፍ ላይ ደርሼ «ሰፋሪዎቹ በእንግሊዝ ላይ የተነሡት ለምንድን ነው?» ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር፣ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ ወንበር የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ግብር ስለ በዛባቸው»። መልሱ ፈጽሞ ስሕተት ነው ባይባልም የምዕራፉን ቁልፍ ይሰውራል። በ1764 የወጣው የስኳር ሕግ በሞላሰስ ላይ የነበረውን ቀረጥ በጋሎን ከ6 ፔንስ ወደ 3 ፔንስ አወረደው፤ በ1773 የወጣው የሻይ ሕግም የሻይን ዋጋ ዝቅ አደረገ። ዋጋው ሲወርድ ቁጣው ለምን እንደ ጨመረ ተማሪው ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ የሚረዳ የአራት ክፍለ ጊዜ አካሄድ ከዚህ በታች አቀርባለሁ። ዓመቶቹ፣ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በካርታም በንጉሥ ስምም አይጀምሩ፤ «ውክልና» በሚለው ቃል ይጀምሩ። የመማሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ ተማሪው ቃሉን ሸምድዶ ያልፈዋል፤ በአማርኛ ግን ከቤቱ የሚያውቀው ጉዳይ ነው። ዓረብ አገር ያለች እኅት ኮምቦልቻ የሠራችውን ቤት ወንድሟ እንዲያከራይላት ውክልና ትልክለታለች፤ ያለዚያ ወረቀት ወንድምየው በስሟ ውል ቢፈርም ውሉ አይጸናም። ይህን ካስታወሱ በኋላ፣ «አንድ ሰው መጥቶ፣ ውክልና ባትሰጠኝም ወኪልህ እኔ ነኝ፣ በስምህ ፈርሜያለሁና ክፈል ቢልህ ምን ትለዋለህ?» ብለው ይጠይቁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ የሚሰጠው መልስ በ1765 በቦስተንና በቨርጂኒያ ከተሰጠው መልስ ብዙም አይለይም።

ክፍሉ ገና በዚህ ስሜት ላይ ሳለ የእንግሊዞችን ክርክር ያስገቡ፤ ይህን የሚዘል መምህር ግማሹን ታሪክ ዘለለ ማለት ነው። በ1765 ቅኝ ግዛቶቹን በውልና በጋዜጣ ወረቀት ሳይቀር ያስከፈለውን የቴምብር ሕግ በማርቀቅ የተሳተፈው እንግሊዛዊው ቶማስ ዌትሊ፣ የፓርላማ አባል የሚወክለው የመረጠውን አካባቢ ብቻ ሳይሆን የመንግሥቱን ሕዝብ በሙሉ ነው ሲል ተከራክሮ ነበር። በዚያን ጊዜ ማንቸስተርና በርሚንግሃም የራሳቸው ተመራጭ በፓርላማው አልነበራቸውም፤ ግብር ግን ይከፍሉ ነበር። እነርሱ እየከፈሉ ቦስተን የማትከፍልበት ምክንያት ምንድን ነው? ክርክሩ እንደሚመስለው ደካማ አይደለም፤ እኔም ራሴ ለመመለስ የተቸገርሁበት ጊዜ አለ።

የቴምብር ሕጉን ለማስረዳት ከእኛው አገር ልማድ የተሻለ ማስተማሪያ አይገኝም፤ ውል የተዋዋለ ሰው ሁሉ የቴምብር ቀረጥ ምን እንደሆነ ያውቃልና። የ1765ቱ ሕግ በውሎችና በፍርድ ቤት ወረቀቶች ላይ ብቻ ሳይወሰን እስከ ጋዜጣና የመጫወቻ ካርታ ድረስ የሚደርስ ነበር፤ ክፍያው ደግሞ በቅኝ ግዛቶቹ እጅግ በሚያጥረው በእንግሊዝ ገንዘብ እንዲፈጸም ታዘዘ። ዛሬ አንድ የሰኞ ገበያ ነጋዴ የመጋዘን ኪራይ ውሉን ቴምብር በዶላር ክፈል ቢባል የሚሰማውን ማሰብ ይበቃል። የዘጠኝ ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ኒውዮርክ ላይ ተሰብስበው ተቃውሟቸውን ጻፉ፤ ሕጉም በማርች 1766 ተሻረ። ይሁን እንጂ ፓርላማው ሕጉን በሻረበት ዕለት፣ «በማናቸውም ጉዳይ ሁሉ» ቅኝ ግዛቶቹን የሚያስር ሕግ የማውጣት ሥልጣን እንዳለው የሚደነግግ ሌላ ሕግ አወጣ። ተማሪዎቹ ይህን ሐረግ በደብተራቸው እንዲያሰምሩበት ያድርጉ። ከደሴ በስተሰሜን ውጫሌ ላይ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአንድ ግስ ልዩነት ያመጣውን ጦስ የሚያውቅ የወሎ ተማሪ፣ ሐረግ ጦርነት ሊወልድ እንደሚችል ማስረጃ አያስፈልገውም።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ወደ ኋላ ወደ 1763 ይመለሱ። እንግሊዝ ለሰባት ዓመት በተካሄደው ጦርነት ፈረንሳይን አሸንፋ ካናዳን ወሰደች፤ ዕዳዋም ወደ 130 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠጋ። ድሉ ራሱ የጠቡ ምንጭ መሆኑን ያስረዱ፤ ፈረንሳይ ከሰሜን ስትወጣ ሰፋሪው የእንግሊዝ ጦር ጥበቃ አላስፈለገውም፣ እንግሊዝ ግን ለዚያ ጥበቃ ገንዘብ ፈለገች። በዚያው ዓመት በጥቅምት ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ሰፋሪዎች ከአፓላቺያን ተራሮች በስተምዕራብ ባለው የነባር ሕዝቦች መሬት እንዳይሰፍሩ አወጀ። ካርታው ላይ ተራራው ተራ መስመር ስለሚመስል ሐረጎን ምሳሌ ያድርጉ፤ ከኮምቦልቻ በኩል ያለው ሰው ሁሉ ሐረጎን ወጥቶ እንዳያርስ፣ እንዳይሠራ ቢታወጅ፣ ከዚያ ማዶ መሬት ልገዛ ብሎ ገንዘብ ያዋጣው ሰው ምን ይላል? በዚያ ወገን መሬት ለመያዝ አቅደው ከነበሩት አንዱ ጆርጅ ዋሽንግተን ነበር።

ቀሪውን ጊዜ ጥቁር ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት በመክፈል ይጠቀሙበት፤ በግራ «ለንደን»፣ በቀኝ «አሜሪካ» ብለው ይጻፉና ድርጊቶቹን በየወገናቸው ያስፍሩ። መርከብ አትላንቲክን ለመሻገር ሳምንታት ይወስድ ስለነበር በማርች 1766 የተሻረው ሕግ ወሬ ቦስተን የደረሰው በሜይ ነው። በ1767 በመስታወት፣ በእርሳስ ማዕድን፣ በቅብ ቀለም፣ በወረቀትና በሻይ ላይ ቀረጥ ሲጣል፣ ሰፋሪዎቹ የእንግሊዝን ዕቃ ላለመግዛት ተማማሉ፤ በኒው ኢንግላንድም ሴቶች ተሰብስበው ፈትል መፍተል የተቃውሞ ምልክት ሆነ። በማርች 5 ቀን 1770 የእንግሊዝ ወታደሮች ቦስተን ላይ ተኩሰው አምስት ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ አንዱ ክሪስፐስ አታክስ የአፍሪካና የነባር ሕዝብ ዘር እንደነበረበት ይነገራል። ወታደሮቹን በፍርድ ቤት የተከራከረላቸው ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ መሆኑን ሲናገሩ የተማሪዎቹን ፊት ይመልከቱ። ለፍርድ ከቀረቡት ስምንት ወታደሮች ስድስቱ በነጻ ተለቀቁ።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሻይ ነው። ከ1767ቱ ቀረጦች ሌሎቹ በ1770 ተነሥተው የቀረው የሻዩ ብቻ፣ በፓውንድ ክብደት 3 ፔንስ ነበር። የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሻዩ በመጋዘን ተከምሮበት ሊከስር ሲል፣ ፓርላማው በ1773 ኩባንያው በእንግሊዝ የሚከፈለውን ቀረጥ ሳይከፍል ሻዩን በቀጥታ በራሱ ወኪሎች አማካይነት አሜሪካ እንዲሸጥ ፈቀደለት። በዚህም ሕጋዊው ሻይ ከሆላንድ በኮንትሮባንድ ከሚገባው ሻይ ሊረክስ ቻለ፤ 3 ፔንሷ ግን አልተነሣችም። እዚህ ላይ ያቁሙና «ርካሽ ሻይ ማን ይጠላል?» ብለው ይጠይቁ። መጀመሪያ የሚነሣው እጅ የኮንትሮባንድ ነጋዴውን ይጠቅሳል፤ ትክክል ነው። ሁለተኛው እጅ ከመካከል የወጣውን ሕጋዊ ነጋዴ ይጠቅሳል፤ እርሱም ትክክል ነው። ሦስተኛውን እስኪያገኙ ግን አይቸኩሉ፤ ርካሹን ሻይ የገዛ ሰው ሳያውቀው 3 ፔንሷን ይከፍላል፣ ከከፈለም ፓርላማው ቀረጥ የመጣል ሥልጣን እንዳለው በገንዘቡ መሰከረ ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ውክልና ወረቀት እዚህ ይመለሳል። በዲሴምበር 16 ቀን 1773 ሌሊት ቦስተን ወደብ ላይ ከሦስት መርከቦች 342 ሣጥን ሻይ ባሕር የተጣለው በዚህ ምክንያት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በፍጥነት ይለፉት። በ1774 ለንደን የቦስተንን ወደብ ዘጋች፣ የማሳቹሴትስንም የራስ አስተዳደር ገፈፈች፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ከአሥራ ሦስቱ ቅኝ ግዛቶች የአሥራ ሁለቱ ተወካዮች ኮንግረስ በተባለ ጉባኤ ፊላደልፊያ ተሰበሰቡ፣ ጆርጂያ ብቻ ቀረች። በኤፕሪል 19 ቀን 1775 ሌክሲንግተንና ኮንኮርድ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከዚያም በኋላ እንኳ ኮንግረሱ በጁላይ 1775 ለንጉሡ የሰላም አቤቱታ ልኮ ነበር፤ ንጉሡ ሊቀበለው አልፈቀደም፣ በነሐሴም ቅኝ ግዛቶቹ ዐምፀዋል ሲል አወጀ። በንጉሡ ላይ የነበረው ተስፋ የተቆረጠው ያኔ ነው።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ ክርክር ነው፤ ተማሪዎቹ በጁላይ 1776 ፊላደልፊያ እንዳሉ ሆነው ነጻነት ይታወጅ ወይስ አይታወጅ ብለው ይከራከሩ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞክር ወገናቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ፈቅጄ ሁሉም ዐማፂ ሆኑ፤ ክርክሩ በአሥር ደቂቃ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ዕጣ አወጣለሁ። የቦስተን ነጋዴ፣ የገጠር ገበሬ፣ ለንጉሡ የታመነ ሰው፣ በቨርጂኒያ እርሻ በባርነት ያለ ሰው በዕጣው ውስጥ ይኑሩ። ለንጉሡ ታማኝ የሆነው ተማሪ የሚለው እንዳያጣ፣ የቤንጃሚን ፍራንክሊን ልጅ ዊልያም የኒው ጀርሲ አገረ ገዥ እንደነበረና ከአባቱ ተለይቶ ከንጉሡ ጋር እንደቆመ አስቀድመው ይንገሩት። በባርነት ያለው ሰው ዕጣ የደረሰው ተማሪ ደግሞ የቨርጂኒያው አገረ ገዥ ሎርድ ደንሞር በኖቬምበር 1775 ከዐማፂ ጌቶቻቸው አምልጠው ለንጉሡ ለሚዋጉ ባሪያዎች ነጻነት እንደሚሰጥ ማወጁን ይወቅ፤ ይህን የያዘ ተማሪ ክፍሉን ጸጥ ያሰኛል። በነጻነት መግለጫው «ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጥሯል» የሚለውን የጻፈው ቶማስ ጀፈርሰን ባሪያዎች ነበሩት፤ የባሪያ ንግድን የሚያወግዘውንም ክፍል ኮንግረሱ ከረቂቁ አወጣው።

ስለ ቀኑ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ኮንግረሱ ለነጻነት ድምፅ የሰጠው በጁላይ 2 ነው፤ ጁላይ 4 የመግለጫው ጽሑፍ የጸደቀበት ነው። ጁላይ 4ን ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመልሱ ብዙዎች «ሰኔ 27» ይጽፋሉ። ስሌቱ ለዛሬ ይሠራል፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን የእኛ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 9 ስለነበር ትክክለኛው ሰኔ 29 ቀን 1768 ዓ.ም. ነው። ስሑል ሚካኤል አፄ ኢዮአስን አስገድለው ዘመነ መሳፍንት ከጀመረ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር።

ጦርነቱን በሦስት ክስተቶች ማሳጠር ይቻላል፤ በጥቅምት 1777 ሳራቶጋ ላይ አንድ የእንግሊዝ ጦር እጁን ሰጠ፣ ይህም ፈረንሳይን በፌብሩዋሪ 1778 ወደ ቃል ኪዳን አመጣት፤ በጥቅምት 1781 ዮርክታውን ላይ የእንግሊዙ ጄኔራል ኮርንዋሊስ በፈረንሳይ መርከቦችና በጥምሩ ጦር ተከቦ ተማረከ፤ በሴፕቴምበር 3 ቀን 1783 ፓሪስ ላይ ውሉ ተፈረመ።

ለፈተና «የነጻነት ጦርነቱን ምክንያቶች ዘርዝር» አይበሉ፤ ዝርዝር የሽምደዳ መጋበዣ ነው። እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «የ1773ቱ ሕግ የሻይን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ሳለ ቦስተን ለምን ሻዩን ባሕር ጣለች? በአንድ ገጽ አስረዳ።» ከአሥር ሲያርሙ፣ የኮንትሮባንድ ነጋዴውን ብቻ ለጠቀሰ አራት፣ ነጋዴውንና ኩባንያውን ላገናኘ ስድስት፣ 3 ፔንሷን ከውክልና ጋር ላያያዘ ዘጠኝ ይስጡ። አሥረኛዋን ነጥብ እኔ የማስቀምጣት የዌትሊን ክርክር አንሥቶ ለመለሰ ተማሪ ነው።