አፍንጫ ይዞ መጋት ይቅር፦ ለሕፃን መድኃኒት ሲሰጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት አያት የሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸውን እዚሁ ጎንደር፣ መድኃኒት ቤቴ ወንበር ላይ በጀርባው አጋደሙት። በአንድ እጃቸው አፍንጫውን ቆንጥጠው በሌላው ለሳንባ ምች የታዘዘለትን የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ያንቆረቁሩበት ጀመር። «እማማ፣ ይተዉት!» ብዬ ጮህኩ። «ልጄ፣ እኔ ሰባት ልጅ እንዲህ እየጋትሁ ነው ያሳደግሁት» አሉኝ።

አፍንጫው የተያዘ ልጅ የሚተነፍሰው በአፉ ብቻ ነው። እያለቀሰ አየር ሲስብ ሽሮፑ አብሮ ወደ አየር ቧንቧው ይገባል፤ ትን ይለዋል፣ ይባስ ብሎም ሳንባው ይጎዳል። ለሳንባ ምች የታዘዘ መድኃኒት ሳንባ ውስጥ ተደፋ ማለት ነው! አገራችን ሲጋት የኖረ አገር መሆኑን አውቃለሁ። የዐፄ ቴዎድሮስን እናት እንኳ «ኮሶ ሻጭ» እያለ ሲያማ የኖረ ሕዝብ ስለ መራራ መድኃኒት ትምህርት አያሻው ይሆናል። ኮሶን ግን አዋቂ ሰው ወድዶ ነበር የሚጠጣው። የተጋተ ሕፃን ደግሞ በማግስቱ ጠርሙሱን ከሩቅ ሲያይ ጥርሱን ይነክሳል፤ የአምስት ቀን መድኃኒት በሁለተኛው ቀን የሚቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ለአያትየው እንዲህ አሳየኋቸው። ልጁን ጭናቸው ላይ ቀጥ አድርገው አስቀመጡት። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ሰጠኋቸው፤ ጫፉን በጉንጩና በድዱ መካከል አስገብተው አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ጠብ አደረጉ። ዋጠ። ጠበቁት፤ ደገሙ። አምስት ሚሊ ሊትሩ ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ምላስ ላይ ያፈሰሱት እንደሆነ ይተፋዋል፤ ጉሮሮ ላይ የረጩት እንደሆነ ያስታውከዋል። ጉንጭ ነው ቦታው። ሲጨርስ ባዶውን ሲሪንጅ እንዲጫወትበት ስጡት፤ ነገ ራሱ ይዞት ይመጣል።

የቤት የሻይ ማንኪያ መለኪያ አይደለም። አንዱ ትንሽ ነው፣ ሌላው ትልቅ። ከመድኃኒቱ ጋር የመጣውን መለኪያ ወይም ሲሪንጅ ተጠቀሙ። ጠርሙሱንም ነቅንቁ፤ ካልተነቀነቀ መድኃኒቱ ሥር ይዘቅጥና የመጀመሪያው ቀን ውኃ፣ የመጨረሻው ቀን ዝቃጭ ይሆናል።

«በየ8 ሰዓቱ» የሚለው ትእዛዝ ስንት ልጅ እንዳሰናከለ! አንዲት እናት በትጋት በየቀኑ ልክ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ትሰጥ ነበር፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ማለት ነው። ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን የእኛ የጻፍነው ሰዎች ነው። አሁን እኔ ካርቶኑ ላይ «ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4» ብዬ እጽፋለሁ።

መድኃኒትን በብርጭቆ ሙሉ ወተት ወይም በሳህን ሙሉ ገንፎ ውስጥ መደበቅ የራሴም ጥፋት ነው። የበኩር ልጄ ደም ማነስ ተገኝቶበት አይረን ሽሮፕ ሲታዘዝለት ወተት ውስጥ ጨመርኩለት። ሁለቴ ተጎንጭቶ ፊቱን አጨማዶ መለሰልኝ። ስንቱን እንደወሰደ በምን ልወቅ? ወተቱንም ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ አልቀመሰም። ወተት አይረን ወደ ደም እንዳይገባ እንደሚያውክ ደግሞ ፈተና ላይ ጽፌ ያለፍኩ ሰው ነኝ! ሻይም እንደዚያው ያውካል። ብርቱካን ግን ይረዳል። መቀላቀል ግድ ከሆነ ፋርማሲስቱን ጠይቃችሁ በአንድ ማንኪያ ምግብ ብቻ ይሁን፤ ያቺን ማንኪያ ይጨርሳታል። በአይረን ሰገራው ቢጠቁር አትደንግጡ። ጥርሱ እንዳይጠቁር ሽሮፑን ወደ ጉንጩ ስጡትና ውኃ አስከትሉ።

ከአንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ ማር የለም፤ ለማጣፈጫም፣ ለማባበያም።

ለተቅማጥ የሚሰጠው ዚንክ እንክብል ሟሚ ነው፤ እንዲውጠው ማስገደድ አያስፈልግም። በማንኪያ ንጹሕ ውኃ ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት ይሟሟል። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም 10 ቀን ይሞላ። ሌላውን እንክብል ግን ሳትጠይቁ አትፍጩ፤ ተፈጭቶ የሚበላሽ አለ።

ከቆላ መጥታችሁ ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት የተሰጣችሁ፣ ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ስጡት። ልጁ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰው መጠኑ ይደገማል፤ የተደገመው ግን ከተቆጠረላችሁ ላይ ስለሚጎድል ተመልሳችሁ ውሰዱ።

«ከረሜላ ነው» ብላችሁ አታታሉት። «መድኃኒት ነው፤ ትንሽ ይመራል፤ ከዚያ ውኃ ትጠጣለህ» ቢባል ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ይገባዋል። አንዷ ደንበኛዬ ነፍሰ ጡር ሳለች የታዘዘላትን አይረን ልጇ «ከረሜላ» እያለ ሲቆረጥም ደረሰችበት። ብዙ የአይረን እንክብል ሕፃን ይገድላል። ሮጣ መጣች፤ ወደ ሆስፒታል እየሄድን ፍሬዎቹን ቆጠርን፤ የጎደለው አንድ ብቻ ነበር። ያስቀመጠችው የት ነበር ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መሶቡ ክዳን ላይ።