የሱቅ ፍሪጅ ወደ አውሮፓ ከማስመጣትዎ በፊት፦ የኃይል መለያ ሕጉን እንዴት ማሟላት ይቻላል

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግሮሰሪ ወይም ምግብ ቤት የሚከፍት ነጋዴ ፍሪጅ ሲገዛ ዓይኑ የሚያርፈው ዋጋውና ስፋቱ ላይ ነው። ሕጉ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ዕቃውን ወደ ኅብረቱ ገበያ ያስገባው ማን እንደሆነ ነው። የኃይል መለያ፣ ማለትም ዕቃው የሚበላውን ኤሌክትሪክ በፊደል ደረጃ የሚያሳየው ተለጣፊ ወረቀት፣ የሚመራበት ደንብ ቁጥር 2017/1369 ግዴታዎችን በአቅራቢና በሻጭ መካከል ያከፋፍላል፤ አምራቹ በኅብረቱ ውስጥ ካልተቋቋመና እዚያ ሕጋዊ ወኪል ከሌለው ደግሞ የአቅራቢነቱ ኃላፊነት በአስመጪው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከዱባይ ወይም ከቻይና ጥቂት የለስላሳ ማቀዝቀዣዎችን በኮንቴይነር አስመጥቶ ለሌሎች ባለሱቆች የሚያከፋፍል ሰው፣ ራሱን እንደ ተራ ቸርቻሪ ቢቆጥርም፣ በሕግ ፊት ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ጋር በአንድ ረድፍ ይቆማል። ያገለገለ ዕቃም ቢሆን ከኅብረቱ ውጭ እስከመጣ ድረስ ከዚህ አያመልጥም፤ ነፃ የሚሆነው እዚያው ኅብረቱ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው አሮጌ ዕቃ ነው።

ቀጥሎ ፍሪጁ በየትኛው ደንብ ሥር እንደሚወድቅ መለየት ያስፈልጋል። ደንበኛ በመስታወት አይቶ የሚመርጥበት የመሸጫ ማቀዝቀዣ በደንብ 2019/2018፣ የቤት ፍሪጅ በ2019/2016፣ ከምግብ ቤቱ ጓዳ ገብቶ ሥጋና አትክልት የሚቀመጥበት የባለሙያ ፍሪጅ ደግሞ በ2015/1094 ይተዳደራሉ። መለያዎቻቸውም ሆኑ የፍጆታ አለካካቸው ስለሚለያዩ፣ የአንዱን ወረቀት ለሌላው ማቅረብ አይቻልም። (የእንጀራ ምጣድ የሚያስመጡ ሰዎች ደጋግመው ስለሚጠይቁ፦ ለምጣድ የኃይል መለያ አልተደነገገም፤ የኤሌክትሪክ ደህንነት ሕጉ ግን አይምረውም።)

አስመጪ ከሆኑ ሥራው የሚጀምረው ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ነው። ፋብሪካውን በአውሮፓ የአለካክ ዘዴ የተሠራ የሙከራ ሪፖርት፣ የቴክኒክ ሰነዱንና የተስማሚነት መግለጫውን (ዕቃው የኅብረቱን ሕግ እንደሚያሟላ አምራቹ የሚፈርምበትን ወረቀት) ይጠይቁ። ሪፖርቱ ሲደርስዎ መጀመሪያ የሚያዩት በላዩ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር በፍሪጁ ጀርባ ካለው ሰሌዳ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ይሁን፤ መጨረሻው ላይ ያለች አንዲት ፊደል ብትለያይ የሌላ ኮምፕሬሰር ወይም የሌላ በር ሞዴል ሊሆን ይችላል። መለያው ብቻውን እንደማይበቃም ልብ ይበሉ፤ የኢኮዲዛይን ደንቡ፣ ለመሸጫ ማቀዝቀዣ ቁጥር 2019/2024፣ ከተወሰነ የፍጆታ ጣሪያ በላይ የሚበላውን ዕቃ ጭራሹን ከገበያ ያግዳል። ሰነዱ የተሟላ ከሆነ የመጀመሪያው ዕቃ ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ሞዴሉን ኢፕረል (EPREL) በተባለው የኅብረቱ የምርት መዝገብ ያስመዘግባሉ፤ የታተመ መለያም ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር እንዲኖር ያደርጋሉ። የመጨረሻው ዕቃ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላም መረጃው ለ15 ዓመት በመዝገቡ መቆየት አለበት። በእኔ ግምት ለሁለትና ለሦስት ፍሪጅ ሲባል ይህን ሁሉ መሸከም አያዋጣም፤ ፋብሪካው ሪፖርት ከሌለው የላቦራቶሪው ወጪ ብቻውን ትርፉን ስለሚበላው፣ ቀድሞ ከተመዘገበ የኅብረቱ ጅምላ ሻጭ መግዛት ይሻላል።

ሻጭ ብቻ ለሆነ ሰው ነገሩ ይቀላል። መለያውን ዕቃው ላይ በግልጽ በሚታይ ቦታ ይለጥፋል፤ በኢንተርኔትም ከሸጠ እዚያው ያሳያል፤ ማስታወቂያ ሲያወጣ የኃይል ደረጃውንና ደረጃው ያለበትን እርከን ከኤ እስከ ጂ አብሮ ይገልጻል። መለያው ጠፍቶ ከሆነ አቅራቢውን ሲጠይቅ፣ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ያለክፍያ የማግኘት መብት አለው።

ለራሱ ሱቅ የሚገዛ ሰው በመለያው ላይ ከላይ በቀኝ ጥግ ያለውን ኪውአር ኮድ በስልኩ ያንሳ፤ የሚከፈተው የኢፕረል ገጽ ካልሆነ ወይም የሞዴሉ ቁጥር ካልገጠመ ግዢውን ያቁም። ከዚያ ከፊደሉ ይልቅ የዓመቱን ኪሎዋት ሰዓት ይመልከት። አንዱ ማቀዝቀዣ በዓመት 1,400፣ ተመሳሳይ ስፋት ያለው ሌላው 900 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላና የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 30 ሳንቲም ዩሮ ቢሆን፣ ልዩነቱ በዓመት 150 ዩሮ ይሆናል፤ የሱቅ ፍሪጅ ደግሞ ሌሊትም አይጠፋም። ያገለገለ የቤት ፍሪጅ ላይ የሚታየው የቀድሞው ከፍተኛ ደረጃ፣ ኤ ሦስት ፕላስ (A+++)፣ እንዳያሳስትዎት፤ እርከኑ ከመጋቢት 1 ቀን 2021 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ እንደ አዲስ ስለተከለሰ ያው ፍሪጅ ዛሬ ሲ ወይም ዲ ሊሆን ይችላል።

በታላቋ ብሪታንያ የሚነግዱ ሰዎች መለያው የአገሪቱን ባንዲራ እንደሚይዝና የኢፕረል ምዝገባ እንደማይጠየቅ ይወቁ። በኅብረቱ ውስጥ ግን የየአገሩ የገበያ ቁጥጥር ባለሥልጣን ከገበያ አንድ ዕቃ አንሥቶ ሊለካ ይችላል፤ ውጤቱ ከተፈቀደው ልዩነት ካለፈ ሦስት ሌሎች የዚያው ሞዴል ዕቃዎች ይለካሉ፤ እነሱም ከወደቁ ሞዴሉ በሙሉ ሕጉን እንዳላሟላ ይቆጠራል። ቅጣቱን የሚወስነው የየአገሩ ሕግ ስለሆነ፣ ኮንቴይነሩ ከመጫኑ በፊት በሚነግዱበት አገር ያለውን መጠን ከባለሥልጣኑ ይጠይቁ።