ቁርጥማት ይዞ ረጅም ርቀት ለመሮጥ፦ ድሬ ላይ ዋናው ጣጣ ሰዓቱ ነው

ሩማቶይድ አርትራይተስ ወይም ሌላ ሥር የሰደደ የመገጣጠሚያ ብግነት ያለበት ሰው፣ ሕመሙ በመድኃኒት ከረጋና ሐኪሙ ከፈቀደለት፣ መሮጥ ይችላል። ድሬዳዋ ላይ የሚያስቸግረው የሰዓት ምርጫ ነው። ፀሐይዋ ሳትከር በጠዋት ካልወጡ አይሆንም፤ መገጣጠሚያ ደግሞ ድርቅ የሚለው ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

12 ሰዓት ላይ ለመሮጥ 10፡30 ይነሱ። ገና አልጋ ላይ እያሉ ቁርጭምጭሚትዎን ሃያ ጊዜ ያዙሩ፣ ጉልበትዎን እያጠፉ ይዘርጉ። ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡና ቤት ውስጥ ወይም ግቢ ውስጥ ሩብ ሰዓት ይራመዱ።

ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት ሁለት ነገር ይፈትሹ። መጀመሪያ በእጅዎ ጀርባ ጉልበትዎን፣ ቀጥሎ ጭንዎንና ቅልጥምዎን ይንኩ። ጤነኛ ጉልበት ከሁለቱም ቀዝቀዝ ይላል፤ እኩል ከሞቀ ወይም ከበለጠ ብግነቱ ነቅቷል። ከዚያ የእግርዎን ፊት፣ ከጣቶቹ ሥር ያለውን ሰፊ ቦታ፣ ከግራና ከቀኝ ቀስ አድርገው ጨመቅ ያድርጉ። ቀላል ጭመቃ ፊት የሚያስጨፈግግ ከሆነ ሩጫው ይቅር፤ በዚያ ቀን እርምጃ ይበቃል። የመገጣጠሚያው ድርቀት እንደወትሮው በግማሽ ሰዓት ሳይለቅ አንድ ሰዓት ከቆየም እንዲሁ።

ድርቀታቸው ሁልጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚቆይ ሰዎች ማታ ይሻላል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሰውነትም ተፍታቷል። ብቻ ከበርጫ ተነስቶ አይሮጥም፦ ጫት የልብ ምት ይጨምራል፣ ድካምንም ይደብቃል። የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ለስላሳ ቢመስልም ቁርጭምጭሚት ያጣምማልና ይለፍዎ።

ሐረር ቀዝቃዛ ስለሆነች ጠዋት 3 ሰዓት መውጣት ይቻላል። እዚያ ጠላቱ ቁልቁለቱ ነው፤ ጉልበት ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት ላይ ይጎዳል። ሽቅብ ሮጦ በባጃጅ መመለስ ምንም ነውር የለበትም። በግንብ የታጠረው የአሮጌው ከተማ የጁገል የድንጋይ መንገዶች ለእርምጃ ቀን ይሁኑ።

አጀማመሩ ቀላል ነው፦ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየመሃሉ ዕረፍት። እርምጃዎን አጠር፣ ፈጠን ያድርጉት። ርቀቱን በሳምንት ከአንድ አሥረኛ በላይ አይጨምሩ፤ በየአራተኛው ሳምንት ሲሶውን ይቀንሱ። ከሩጫ በኋላ የባሰ ሕመም ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ቀጣዩን ያሳጥሩ።

የቦንዳ ጫማ ሲገዙ ከላይ አዲስ መምሰሉ አያታልል። ሶሉን ከጎን በአውራ ጣት ይጫኑት፤ እንደ እንጨት ከደረቀ ዋጋው ቢረክስም ይተዉት። ፊቱ ሰፊ ይሁን፣ ጣት ሲያብጥ ቦታ ይፈልጋል።

እንደ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያለ የሕመም ማስታገሻ ውጦ መሮጥ መጥፎ አቋራጭ ነው። የሚያስጠነቅቅዎትን ሕመም ያፍናል፤ በላብ ውሃ ካለቀ ሰውነት ጋር ሲገናኝ ኩላሊት ይጎዳል። ሜቶትሬክሴት የተባለውን የቁርጥማት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሳምንት አንዴ ከሚውጥበት ቀንና ከማግስቱ ረጅሙን ሩጫ ያርቅ። ብግነት የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን ግን «ዛሬ ደህና ነኝ» ተብሎ በድንገት አይቆምም።

ትኩሳት ካለ ሩጫ የለም፣ በተለይ መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ከሆነ። በ2011 ክረምት ማብቂያ ድሬን ያመሳት ቺኩንጉኒያ መገጣጠሚያ የሚቆራርጥ በሽታ ነው፤ «ቁርጥማቴ ተነሳብኝ» ብሎ ቤት መተኛት ያሳስታል። ደንጊ የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳትም በከተማዋ ታይቷል፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደግሞ ከደንጊ ጋር ደም መፍሰስ ያባብሳሉ። ስለዚህ ትኩሳትና ቁርጥማት አብረው ከመጡ መጀመሪያ ደም ይመርመሩ፤ እስከዚያው ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል።