ሰንሰለት የታሰረበት በር

እዚህ እንግሊዝ ገጠር ውሻዬን ይዤ ለዓመታት የተመላለስኩበት የእርሻ ዳር መንገድ ነበር። አንድ ጠዋት ብሄድ በሩ ላይ አዲስ ሰንሰለትና ቁልፍ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የአካባቢው ምክር ቤት የሚይዘውን የሕዝብ መንገዶች ሕጋዊ ካርታ እዩ። መንገዱ እዚያ ከሌለ አልተመዘገበም ማለት ነው እንጂ መብት የለም ማለት አይደለም። በ1980 የወጣው የአውራ ጎዳና ሕግ እንደሚለው፣ ሰው ሳያስፈቅድ፣ ሳይደበቅ፣ አጥር ሳይሰብር 20 ዓመት ሙሉ ከተመላለሰበት፣ ባለመሬቱም አልፈቅድም ብሎ በግልጽ ካላሳወቀ፣ መንገዱ የሕዝብ ሆኗል ተብሎ ይገመታል። ሃያው ዓመት ወደ ኋላ የሚቆጠረው መብቱ ጥያቄ ውስጥ ከገባበት ቀን ነው። ስለዚህ ቁልፉን ባያችሁበት ቀን ፎቶ አንሱ፣ ቀኑንም ጻፉ።

ቀጥሎ ምስክር። አንድ ሰው ብቻውን 20 ዓመት መሄድ የለበትም፤ የብዙዎቹ ተደምሮ ጊዜውን ከሸፈነ ይበቃል። እኔ ግን እዚህ ላይ ጉድ ሆንኩ። ጎረቤቶቼን ላግዝ ብዬ የምስክርነት ቅጹን ራሴ ሞላሁላቸው። ሁሉም በአንድ ቃል የሚናገር ሲሆን ማን ያምናል? እያንዳንዱ በራሱ አነጋገር ይጻፍ፦ ከየት ወዴት፣ በሳምንት ስንቴ፣ በእግር ወይስ በፈረስ። አንዲት አሮጊት «ገበሬው ደግ ነው፣ ለምኜው ነበር የማልፈው» አሉኝ። ፈቃድ ጠይቀው ካለፉ ለእኛ አይጠቅምም፤ ቢሆንም እውነቱ እሱ ነውና እንዳለ ይጻፍ።

የቆየ ወረቀት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እኔ የምወደው በ1910 የመሬት ግብር ግምት የተሠራውን ካርታ ነው። ግብር የሚከፈልበት መሬት ዳር ዳሩ በቀለም ተከቧል። በሁለት ቀለሞች መሃል ሳይቀባ የቀረ ነጭ መስመር ካገኛችሁ፣ ብዙ ጊዜ መንገድ ነው። ብቻውን አያሸንፍም፣ ከሌላ ማስረጃ ጋር ሲሆን ግን ክብደት አለው። ካርታዎቹ ለንደን ውስጥ ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ።

መንገዱ በሕጋዊው ካርታ ላይ እንዲመዘገብ ማመልከቻውን ለምክር ቤቱ አስገቡ፣ ለባለመሬቱም አሳውቁ። በ12 ወር ካልወሰኑ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል።

ከተመዘገበ በኋላም መንገዱን አትተዉት። እርሻ አቋርጦ የሚያልፍ የእግር መንገድ ለዘር ቢታረስ በ14 ቀን ውስጥ መስተካከል አለበት፤ ስፋቱ በመዝገብ ካልተጻፈ ቢያንስ 1 ሜትር። የማሳ ዳር መንገድ ከነአካቴው አይታረስም። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ ለክታችሁ ፎቶ አንሱ።