«300 ሜትር» የተጻፈበት ኮፒ ሰዓት ሲያልበው፦ ችግርና መፍትሄ

ሰዓት መክፈትና መዝጋት ከጀመርኩ ወዲህ ውሃ የገባባቸው የጠላቂ ሰዓት ኮፒዎች ብዙ ጊዜ እጄ ገብተዋል። ባለቤቶቹ የሚያሳዩኝ ፊቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ነው፤ «300 ሜትር ይላል እኮ!» በደረጃው በተሠራ ኦርጅናል ላይ ይህ ቁጥር የፈተና ውጤት ነው። አይኤስኦ 6425 የተባለው የጠላቂ ሰዓት መለኪያ፣ እያንዳንዱ ሰዓት ከተጻፈበት ጥልቀት ግፊት በ25 በመቶ በሚበልጥ ግፊት እንዲፈተን ያዛል። 300 ሜትር የሚለው በ375 ሜትር ጥልቀት ግፊት ይፈተናል ማለት ነው። በኮፒው ላይ ግን ቁጥሩ ቀለም ነው። የእናንተን ሰዓት ፈትኖ ኃላፊነት የወሰደ የለም፤ ስለዚህ ፈተናው የእናንተ ሥራ ይሆናል።

ደግነቱ ውሃ የሚገባባቸው በሮች ጥቂት ናቸው፦ ጎን ላይ ያለው መሙያ፣ የኋላ ክዳኑ፣ የመስታወቱ ዙሪያ፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ የሂሊየም ማስወጫው (ሂሊየም የተባለው ጋዝ እንዲወጣበት የተሠራ ትንሽ ቀዳዳ)።

ምልክት፦ ከሙቀት ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ስትገቡ መስታወቱን ከውስጥ ያልበዋል፣ ቆይቶ ይጠፋል።

ጉሙ ስለጠፋ ችግሩ የጠፋ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እርጥበቱ ግን ውስጥ ነው ያለው፤ ወደ ማሽኑ ብረት ሄዶ ዝገት ይጀምራል። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ከውጭው ወበቅ ኤሲ ወዳለበት ክፍል ስትገቡ ነው የሚታየው። አዲስ አበባ ላይ ተከፍቶ የተዘጋ ሰዓት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ከተማው ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሰዓቱ ዱባይ ወይም ጅቡቲ ሲደርስ የውጭው አየር ከውስጡ ይበልጥና ይጫነዋል፤ ኃይሉ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ውሃ ውስጥ እንደመግባት ነው። ጎሚኒው (የጎማ ቀለበቱ) ደህና ከሆነ ምንም አይሆንም። ካልሆነ ግን ውሃ ሳይነካው እርጥብ አየር ይስባል።

ለማረጋገጥ ሰዓቱን ገላችሁ ላይ አድርጋችሁ አሙቁት፣ መስታወቱ ላይ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ጣሉ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጥረጉት። ጠብታው የነበረበት ቦታ ከውስጥ ጉም ከያዘ እርጥበት አለ። መፍትሄው ክዳኑን ከፍቶ ደረቅ ቦታ፣ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር በተዘጋ ዕቃ ማሳደር፣ ከዚያም የገባበትን በር መፈለግ ነው። ሩዝ ውስጥ አትቅበሩት፤ የተከፈተ ማሽን ውስጥ አቧራውን ይጨምርበታል።

ምልክት፦ ባትሪ ከተቀየረ ወይም ከተከፈተ በኋላ ውሃ አስገባ።

ጎሚኒው ክዳኑ ሲጠብቅ ከቦይው ወጥቶ ተቆንጥጧል፣ ወይም ደርቆ ነበር። ኮፒዎች ብዙ ጊዜ ያለ ግራሶ ተገጥመው ይመጣሉ። ቦይውን በሶፍት አጽዱ። ጎሚኒው ተሰንጥቆ፣ ተልጦ ወይም ጠፍጥፎ ከሆነ በልኩ አዲስ ግዙ፣ ርካሽ ነው። የሲሊኮን ግራሶ በስሱ ቀቡት። የመኪና ግራሶ ወይም ቫዝሊን ጎማውን ሊያብጠው ስለሚችል አይሆንም።

ምልክት፦ ጉሙ መሙያው ባለበት፣ ፊቱ ላይ 3 ቁጥር በተጻፈበት በኩል ይበዛል፣ ወይም መሙያው ሲጠብቅ ዝም ብሎ ይዞራል።

እዚህ ላይ ታገሱኝ፣ ከሁሉም በላይ ሰዓት የሚገድለው ይህ በር ነው። መሙያው እንደ ብሎን የሚጠብቀው ከሰዓቱ ጎን በወጣች ትንሽ ቱቦ ላይ ነው። ጠማማ አድርጋችሁ ካስገባችሁት ጥርሱ ይበላል፣ ከተበላ በኋላ ደግሞ ጎሚኒውን የሚጫነው ነገር የለም። ስለዚህ ስታጠብቁ በቀስታ እየተጫናችሁ መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙሩት፤ ጥርሶቹ ሲገናኙ ጠቅ ይላል፣ ያኔ ወደ ፊት አጥብቁ። ጥርሱ ከተበላ መሙያውንም ቱቦውንም አብራችሁ ቀይሩ፤ አንዱን ብቻ መቀየር አሮጌው ጥርስ አዲሱን እንዲበላው ማድረግ ነው። ቱቦው ራሱ ላልቶ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ባለሙያ አውጥቶት በሚያጣብቅ ፈሳሽ እንደገና ይትከለው።

ምልክት፦ የሂሊየም ማስወጫ አለው፣ ውሃም ይገባል።

ይህ ክፍል የተሠራው ቀናት ሙሉ በግፊት ክፍል ውስጥ ሂሊየም የተቀላቀለበት አየር እየተነፈሱ ለሚኖሩ ጠላቂዎች ነው። ለእናንተ አይጠቅምም። በኮፒ ላይ ለጌጥ የተበሳ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ማሽኑን አውጥታችሁ ከውስጥ በሁለት ፈሳሽ በሚቀላቀል ማጣበቂያ ዝጉት።

በሩ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ማሽኑን አውጡ፣ ባዶውን ቤት ደረቅ ሶፍት ጨምራችሁ ዝጉ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ስለሚሰፋ የአረፋ ሰንሰለት በየት እንደሚወጣ ታያላችሁ። ከመስታወቱ ዙሪያ ከሆነ መስታወቱ በመጫኛ መሣሪያ ተጭኖ እንደገና ይገጠም፤ በጣት የሚሆን ሥራ አይደለም። ከዚያ በኋላ ግፊት መፈተሻ ያለው ሰዓት ሰሪ ፈልጉና ማሽኑ ከመመለሱ በፊት አስፈትኑት።

ይህን ሁሉ አልፎ የወጣ ሰዓት ለዝናብ፣ ለእጅ መታጠብና ለላንጋኖ ዋና ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ፍልውሃና ሶደሬ ስትሄዱ ግን አውልቁት፤ ሙቀቱም ሳሙናውም ጎሚኒ ይጎዳል። ለጥልቅ ውሃም ፈጽሞ አትመኑት፤ ጠላቂ በሰዓቱ የሚቆጥረው የሚተነፍሰውን አየር ነው።

የባሕር ውሃ ከገባ ግን ለማድረቅ ጊዜ አታባክኑ። ጨው ብረቱን በቀናት ውስጥ ይበላዋል። ባትሪ ካለው ወዲያው አውጡና በዚያው ቀን ሰዓት ሰሪ ጋ አድርሱት።